የቮልስ ዘመዶች

የቮልስን በር ለመዝጋት መጀመሪያ መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ጀርመኖች ያቺን መኪና ሲገጣጥሟት አየር በየትም እንዳይሾልክ አድርገው ስለደፈኗት፣ መስኮቶቿ ሁሉ ተዘግተው በሯን ብትገፉ ውስጥ የታፈነው አየር መልሶ ይገፋችኋል። ትገፋላችሁ፣ በሩ ይመለሳል፤ ትወረውሩታላችሁ፣ ይመለሳል። ጎረቤት ቡናውን ይዞ በረንዳው ላይ ይወጣና «ዛሬም ተጣላችሁ?» ይላል። አንዱን መስታወት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ያደረጋችሁለት እንደሆነ ግን በሩ እንደ ጨዋ ልጅ እሺ ብሎ ይገጥማል።

የኔዋ የ66 ሞዴል ናት። እኔ ለመንዳት ስደርስ የበሮቿ ጎማ ተበልቶ አልቆ ስለነበር እንዲህ ያለ ጠባይ አላየሁባትም፤ በሯ እንደ ወፍጮ ቤት በር ሲፈልግ ይከፈታል፣ ሲፈልግ ይዘጋል። አምና ግን ሞኝነቴ መጣና ሱማሌ ተራ ግማሽ ቀን ተንከራትቼ አዲስ የበር ጎማ አስገባሁላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጀርመንነቷ ተመለሰ። ችግሩ፣ ከሁለቱ የመስታወት ማንሻዎቿ አንደኛው ገና ድሮ ወልቆ ጠፍቷል፤ የተረፈውም ጥርሱ ስላለቀ ተሰክቶ አይቆይም፣ ይወድቃል። ስለዚህ ሥራ ሲኖር ይሰካል፣ ሥራው ሲያልቅ ተነቅሎ ይቀመጣል። የሚቀመጠው ደግሞ በባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ ነው። ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞኝ ወደ መስኮቴ ሲመጣ፣ እኔ ወደ ባለቤቴ ዞሬ እጄን እዘረጋለሁ። እሷ ቦርሳዋን ትከፍትና ሊፕስቲክ፣ መሐረብ፣ የቤት ቁልፍ፣ የልጅ ሽሮፕ እያወጣች ጭኗ ላይ ትደረድራለች። ትራፊኩ ከመስታወቱ ውጭ ቆሞ ይህን ሁሉ ይመለከታል። ሊብሬው በኔ ስም ቢሆንም ሥልጣኑ የት እንዳለ ያን ጊዜ ይገባዋል።

መኪናዋን የገዛት አባቴ ነው፤ ያገለገለች ሆና፣ በ1963 ዓ.ም.። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ነበር። በዚያን ዘመን ቮልስ የደመወዝተኛ መኪና ነበረች፤ የአስተማሪ፣ የነርስ፣ የባንክ ጸሐፊ። ሀብታሙ መርሴዲስ ይይዛል፣ ደመወዝተኛው ቮልስ ይይዛል፣ የቀረው መንገዱን ይይዛል። አባቴ ሲያርፍ ወንድሞቼ ቤቱን ተካፈሉ፤ ለእኔ ቮልሷ ደረሰችኝ። ያን ጊዜ በጣም አዘኑልኝ። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ አሮጌ መኪና የሚያስመጣውን ሰው ወገብ ሲሰብር፣ ማዘናቸውን ቀነስ አደረጉ። በ2016 መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት መኪና አይገባም ሲል ደግሞ ጭራሽ ስልክ መደወል ጀመሩ። «ያቺ ነገር አለች?» ይሉኛል፤ እኔ መኖሬን ሳይጠይቁ።

ወደ ቮልስ ባለቤቶች ማኅበር የገባሁት ፈልጌ አይደለም፤ ተገፍቼ ነው። ተገፍቼ ስል በእጅ። አንድ ቀን ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ሞተሯ ጠፋ። ከኋላዬ ያለው ታክሲ ክላክሱን፣ ረዳቱ ደግሞ አፉን ከፈተብኝ። በዚህ መሐል ሁለት ቮልሶች ከየት መጡ ሳልል ዳር ይዘው ቆሙ። ሦስት ሰዎች ዘለው ወረዱ፤ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ኋላዋን ይዘው ገፉ። በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ስለቀው ተነሣች። ከዚያ አንደኛው ላቡን እየጠረገ ጎንበስ አለና «ሞዴሏ ስንት ነው?» አለኝ። ስሜን የጠየቀኝ በኋላ የምዝገባ ቅጹን ሲሞላ ነው።

የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ሳነበው ከዚህ በፊት የማውቀው መሰለኝ። የሰፈሬን የዕድር ደንብ ወስዶ «አስከሬን» የሚለውን «ሞተር» በሚል የቀየረ ሰው የጻፈው ነው። የአባል መኪና መንገድ ላይ ከቆመች፣ ጥሪ የደረሰው ሁሉ መድረስ አለበት። ያልደረሰ ይቀጣል፤ ደርሶ እጁን ኪሱ ከትቶ የቆመም ይቀጣል። መኪናውን መሸጥ የፈለገ አባል አስቀድሞ ለማኅበሩ ያስታውቃል፤ ሳያስታውቅ ሸጦ ቢገኝ... እዚህ ላይ ቅጣቱ አልተጻፈም፣ ነጠብጣብ ብቻ ነው ያለው። በጽሑፍ የማይሰፍር ነገር ሳይሆን አይቀርም። ሊቀመንበር አለን፣ ጸሐፊ አለን፣ ገንዘብ ያዥ አለን፣ ፊሽካ ያለው የጉዞ ኃላፊ አለን። ድንኳንም አለን። የድንኳኑን ጥቅም ብጠይቅ «በዝናብ ሞተር ማውረድ ቢመጣስ?» ተባልኩ።

ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ ላይ ያላት አቋም አጭር ነው። «የአክስትህን ልጅ ሠርግ ጊዜ የለኝም ብለህ ቀረህ፤ የዚህችን ዘመዶች ግን አንድ እሁድ አታጓድልም» ትለኛለች። በቀደም የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሁድ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ወርደን ምሳ በልተን እንድንመለስ ተወሰነ። መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሰብሰቢያው ስታዲየም አጠገብ፣ ሰዓቱ ጠዋት 12 ተኩል፣ ያረፈደ ሰው ቅጣቱ 200 ብር። እኔ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ደርሼ ሦስተኛ ወጣሁ። ሊቀመንበሩ 2 ሰዓት ላይ መጣና ስለ ሰዓት አክባሪነት ንግግር አደረገ። ከተመዘገቡት 14 ቮልሶች 11 ተሰባሰቡ። 200 ብሩን የከፈለ የለም፤ ከሁሉም ኋላ የደረሰው ገንዘብ ያዡ ነበር።

ከመካከላችን በዕድሜም በማዕረግም አንጋፋው ጡረተኛው መምህር ናቸው። መኪናቸው የ61 ሞዴል ናት፤ ነዳጅ መለኪያ የላትም። ተበላሽቶባት አይደለም፣ ስትፈጠርም የላትም። ቤንዚኑ አልቆ ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር፣ እግራቸው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ በጫማቸው ጫፍ ገፋ ያደርጓታል። ያን ጊዜ 5 ሊትር ያህል መጠባበቂያ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ማደያ መፈለግ የእሳቸው ፈንታ ነው። መምህሩ በዚህ ይኮራሉ፤ «መርፌ እያዩ መንዳት ሰው ያሳንፋል» ይላሉ። በተሰበሰብን ቁጥር የሚነግሩን ቁጥርም አላቸው። በዓለም ላይ የተሠራችው ይህች ዓይነት ቮልስ በሙሉ 21,529,464 ናት፤ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ተሠርታ ወጣች። ይህን በቃላቸው ነው የሚሉት። የልጆቻቸውን ስልክ ግን ከወረቀት ያነባሉ።

ታናሻችን ቀይ የ74 ሞዴል የያዘ ልጅ ነው። በዚያ ሞዴል የፊት መስታወቱን የሚያጥበው ውሃ የሚረጨው በቅያሪ ጎማው አየር ነው። አዎ፣ በጎማው። ጎማው ጨርሶ እንዳይተነፍስ የሚያግድ ነገር ነበረው፤ የልጁ ግን ካረጀ ቆይቷል። ስለዚህ በአቧራ ቀን ልጁ ንጹሕ መስታወት አለው፣ ቅያሪ ጎማ የለውም። በዝናብ ቀን ቅያሪ ጎማ አለው።

ሁሉም ነዳጅ ሞልቶ ይምጣ ተብሎ ነበር። ሞልተን የመጣነው ሁለት ነን። ሁለቱ ማለቴ መምህሩና ሌላ አንድ ሰው፤ «ነን» ያልኩት ለማኅበሩ ክብር ነው። ማደያ ውስጥ ተሰለፍን። የኔዋ ነዳጅ የምትቀዳው ከፊት፣ ኮፈኗ ተከፍቶ ነው፤ ሞተሯ ያለው ከኋላ ነውና ፊቷ ለቤንዚን ገንዳና ለሻንጣ ነው የተተወው። ተራዬ ደርሶ ወርጄ ኮፈኑን ስከፍት፣ ቀጂዋ ልጅ በትሕትና «ጋሼ፣ ሞተሩን ኋላ ያሳዩት፤ መጀመሪያ ነዳጁን ይቅዱ፣ ሰው ቆሟል» አለችኝ። ስገልጽላት አላመነችም። መጥታ አየች። ከዚያ ሌላይቱን ቀጂ ጠርታ አሳየቻት። ከዚያ ጥበቃው መጣ። ኋላዬ የቆመው ሚኒባስ ክላክሱን ሲለቅ ሦስቱም ራሳቸውን ኮፈኑ ውስጥ ቀብረው ነበር፤ ጥበቃው ቀና ብሎ «ቆይ አንተ፣ የአጎቴን መኪና እያየሁ ነው!» አለው።

የአጎቴን መኪና። ይህቺን ቃል ያዙልኝ።

ቀጥሎ የመንገድ ክርክር ሆነ። ግማሹ በፍጥነት መንገዱ እንሂድ አለ፤ ግማሹ በአሮጌው፣ በቃሊቲ፣ በአቃቂ፣ በገላን፣ በዱከም። የፍጥነት መንገዱ ደጋፊዎች ሰፊ ነው፣ ሲኖትራክ አያጣብቅም አሉ። መምህሩ ተነሥተው፣ እንደልብ የማይቆምበት መንገድ ለቮልስ እንዳልተሠራ አስረዱ። በድምፅ ብልጫ አሮጌው መንገድ አሸነፈ። የብዙዎቻችን ድምፅ የዱከምን ሥጋ ቤቶች ያሰበ እንደነበረ ማንም አልካደም።

ወጣን። መሪው የሊቀመንበሩ ሰማያዊ ቮልስ፣ ጅራቱ ቀዩ ልጅ፤ እኔ መሐል ላይ። አዲስ አበባን ለቅቆ ወደ ቢሾፍቱ መውረድ ለቮልስ ደስታ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,900 ገደማ ነው የሚወረደው፤ አሽከርካሪው እግሩን ቢያነሳም መንገዱ ራሱ ይነዳል። 11 ቮልስ በሰልፍ ሲሄድ ደግሞ ማየት ነው። የአቃቂ ልጆች እየሮጡ ይቆጥሩናል። ጋሪ ነጂ ፈረሱን አቁሞ ያሳልፈናል። የጅቡቲ ተሳቢ፣ ለሚኒስትር የማይለቅ፣ ለእኛ ፍሬቻ አብርቶ ዳር ይይዛል።

ዱከም ቁርስ ብለን ወረድን፤ ጣጣው እዚያ ጀመረ። ሥጋው ሳይቆረጥ ሰው ከበበን። እኛን ማለቴ አይደለም፤ እነሱን። አንድ ካፖርት የለበሱ አዛውንት የኔዋን ቮልስ የኋላ ጭቃ መከላከያ እንደ ላም ዳሌ መታ መታ አደረጉና «የሒሳብ አስተማሪያችን እንዲህ ያለች ነበረቻቸው» አሉ። ለእኔ አይደለም የሚነግሩት፤ ለእሷ ነው። አንዲት እናት ቀረብ ብለው «ባለቤቴ ሊያጨኝ ሽማግሌ የላከው በዚህች ነው» አሉ፤ አራት ሽማግሌ ከነጋቢያቸው እንዴት እንደገባ ሲያስረዱን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጥፈው፣ ትከሻቸውን ጠበብ አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ያዙ። ሃምሳ የሚሆነው ጎልማሳ ደግሞ «እኔ የተወለድኩት ቮልስ ውስጥ ነው፤ ሆስፒታል አልደረስንም» አለና በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ የኋላ ወንበሩን ተመለከተ። ቦታውን ሊያሳየን ፈልጎ ነበር፤ ባለቤቴ ግን ጠላችው።

ከዚህ ሁሉ ዘመድ ጋር ስንነጋገር መምህሩ የጃንሆይን ነገር አነሡ፤ ሳያነሡት ሥጋ በልተው አያውቁም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በሮልስ ሮይስ ሳይሆን በቮልስ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ባለ ሁለት በር ናትና የፊት ወንበሯ ታጥፎ ነው ኋላ የሚገባው። ይህን ማንም አይከራከርም። ክርክሩ ቀለሟ ላይ ነው። አረንጓዴ ናት ብሎ የጻፈ አለ፣ ሰማያዊ ናት ያለ አለ። ሊቀመንበሩ ሰማያዊ ነበረች ብሎ ይምላል፤ የእሱ ቮልስ ሰማያዊ ናት። ገንዘብ ያዡ አረንጓዴ ለመሆኗ የዓይን ምስክር አለኝ ይላል፤ የእሱ አረንጓዴ ናት። መምህሩ ነጭ ነበረች ይላሉ፤ የእሳቸውን ቀለም መቼም ገምታችኋል። ቀዩ ልጅ ገና ስላልደፈረ ዝም ብሎ ይበላል። እኔን ጠየቁኝ። የኔዋ ክሬም ናት፤ ያን ቀን አባቴ ቢሮ ይዟት ገብቶ እንደነበር እናቴ ትነግረኝ ስለነበር፣ ከደሙ ንጹሕ ናት አልኩ።

ከዱከም እንደወጣን ብዙም ሳንርቅ የኔዋ ቀዩ መብራት በራ። የቮልስ ሰው ይህን መብራት ሲያይ አይመክርም፣ ይቆማል። ዲናሞውንም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው፤ እሱ ከተበጠሰ ጥቂት ኪሎ ሜትር መንዳት ሞተር መቅበር ነው። ዳር ያዝኩ። ፊሽካው ተነፋ። 11 ቮልስ ቆመ።

መጀመሪያ የደረሰው ባለ ጀሪካን ልጅ ነው። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ መንገድ ላይ ኮፈን ሲከፈት የሚሰሙ ልጆች አሉ። «ውሃ ላምጣ?» አለ። ቮልስ ውሃ አትጠጣም አልኩት። «ዘይት ናት?» አለ። ሞተሯ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው አልኩት። ልጁ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሮ «እትዬ፣ እናንተስ ትጠጣላችሁ?» ብሎ አንድ ጀሪካን ሸጠልን።

ደንባችን እያንዳንዱ አባል ቅያሪ ቺንጋ ይያዝ ይላል። የኔን ባለፈው ጉዞ ለሰው ሰጥቻለሁ፤ ለማን እንደሆነ እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ረስቷል። ከአባላቱ አንዱ፣ ዱሮ በሴት ስቶኪንግ ይታሰር ነበር ብሎ ወደ ሴቶቹ ቀና አለ። ሴቶቹ በሱሪና በነጠላ ነበሩ፤ የባለቤቴ አስተያየት ደግሞ ነገሩን አሳጠረው። በመጨረሻ መምህሩ ከወንበራቸው ሥር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ አዲስ ቺንጋ አወጡ።

የቮልስ ቺንጋ የሚጠብቀውና የሚላላው በዲናሞው መዘውር መሐል በሚደረደሩ ስስ የብረት ቀለበቶች ነው። አንድ ሲቀነስ ይጠብቃል፣ አንድ ሲጨመር ይላላል። ሥራው ጸጥታ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ 11 ሾፌር፣ ማለትም 11 መካኒክ ነን። «ሁለት ቀለበት አውጣ» ይላል አንዱ። «አታውጣ፣ ይበላዋል!» ይላል ሌላው። ሊቀመንበሩ እጅ አወጣጥቶ ሊያስወስን ሲል፣ ከቀለበቶቹ አንዷ ከመምህሩ ጣት አምልጣ ተንከባላ ሣር ውስጥ ገባች። ሁላችንም ተንበረከክን። የባንክ ሥራ አስኪያጁ፣ ዶክተሩ፣ ኢንጂነሩ፣ ጡረተኛው ሻምበል፣ ሁሉም በእሁድ ልብሱ፣ አህያ እንዳጣ ሰው ሣር ለሣር። አንድ አውቶብስ ፍጥነቱን ቀንሶ ሲያልፍ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ወጥተው አዩን። ከመካከላቸው አንዷ አማተበች። ቀለበቷን ያገኛት ባለ ጀሪካኑ ልጅ ነው፤ በጀሪካን ዋጋ ሸጠልን።

ባቦጋያ ስንደርስ 7 ሰዓት ሆኗል። 45 ኪሎ ሜትር፣ 5 ሰዓት። ሐይቁ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነውና ዳሩ ሁሉ ቁልቁለት ነው፤ 11 ቮልስ ደርድረን ለእያንዳንዷ ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አደረግንላት። የእጅ ፍሬን የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፣ ግን በዕድሜ ምክንያት አናስቸግረውም። ምሳው ስለ ምሳ የሚባለው ሁሉ ነበረው። ዶሮ ወጡ፣ ክትፎው፣ አይቡ፣ ምሳ ዕቃው እየተከፈተ የኔን ቅመሱልኝ፣ የኔን ቅመሱልኝ። ልጆቹ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ባለችው ጎድጓዳ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ሦስት ሦስት እየሆኑ ገብተው ይንጫጫሉ። እኔም ወንድሞቼም ያደግነው እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ነው። ገንዘብ ያዡ ትዝታ ገፋፍቶት አሁንም ይችለኝ እንደሆነ ልይ ብሎ ገባ። መግባቱን ገባ። ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ድረስ የማኅበሩ ሒሳብ ከእሱ ጋር እዚያው ታሽጎ ቆየ።

ሦስተኛውን ስንጠጣ አንዲት መኪና ድምፅ ሳታሰማ መጥታ አጠገባችን ቆመች። ትልቅ፣ አብረቅራቂ፣ ግንባሯ ላይ ያው የእኛው ምልክት ያለባት፤ ከቻይና የምትመጣው የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ፣ አይዲ 6 የሚሏት። አዲስ አበባን የሞሉት እነዚህ ናቸው። ሰላሳ ያልሞላው ወጣት ወረደና የቆሙትን 11 ቮልሶች አየ፤ መነጽሩን አወለቀ። «አያቴ ነበረቻቸው» አለ።

ምን ልበላችሁ፣ መቀመጫ ሰጠነው። ክትፎ አቀረብንለት። ሊቀመንበሩ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አየና «ሞተሯ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ከኋላ» አለ ልጁ። መምህሩ ብድግ አሉ። ይህን ቃል ለስንት ዓመት ሲጠብቁ እንደኖሩ ከፊታቸው ይነበብ ነበር። ሞተር ከኋላ ቀርቷል፣ ዘመኑ አልፎበታል የሚላቸውን ሰው ሁሉ እዚያ ሰብስበው ቢያሳዩት ደስ ባላቸው። ልጁ ግን በመሐል በመሐል ወደ መኪናው እየሄደ ስክሪን ያያል። 40 በመቶ ቀርቷታል፤ ዳገቱን ስትወጣ ስንት እንደምትበላ እያሰላ ነው። መምህሩ ትከሻውን ቸብ አደረጉትና «ልጄ፣ መርፌ እያዩ መንዳት ሰው ያሳንፋል» አሉት።

አሁን ወደ ማንሻው ልመለስ። ባቦጋያ ሞቃት ነው። ባለቤቴ ስንደርስ በእሷ በኩል ያለውን መስታወት እስከ ታች አውርዳው ነበር። ልንነሣ ስንል ሊቀመንበሩ መጣና «ያቺን ማንሻ አንድ ጊዜ አቀብሉኝ፣ የኔዋ እንቢ ብላኛለች» አለ። ባለቤቴ ቦርሳዋን ከፍታ ሰጠችው። ለምን ሰጠችው? እሷ ራሷ እስከ ዛሬ ትጠይቃለች። ቀን ሙሉ ዘመድ ዘመድ ሲባል ስለዋለ ይመስለኛል። ፊሽካው ተነፋ፤ ሊቀመንበሩ መሪ ነውና ፊት ፊት ሄደ።

መመለሱ የመሄዱ ተቃራኒ ነው። የኔዋ ሞተር ከፋብሪካ ስትወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበራት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሩብ ያህሉ ፈረስ ሥራ ያቆማል። ከቀሩት ደግሞ በዕድሜ የገፉት፣ የታመሙት፣ አውቀው የተኙት ሲቀነሱ፣ እኛን የሚጎትተው ፈረስ ስንት እንደሆነ እግዜር ያውቃል። ገላን ላይ በሦስተኛ ማርሽ እያቃሰትን ስንወጣ ሰማዩ ጠቆረ፤ የበልግ ዝናብ እንደ ተገለበጠ ባልዲ ወረደ። ከነፋስ ጋር። በቀኝ በኩል።

ባለቤቴ መጀመሪያ በነጠላዋ ጋረደች። ከዚያ ጃንጥላ በመስኮቱ አውጥታ ዘረጋች፤ ጃንጥላው ተገለበጠ። በመጨረሻ የእንጀራውን ሰፌድ ከኋላ አንሥታ መስኮቱ ላይ ገጠመችው፤ ልክክ አለ። የኔን መስታወት ዝቅ አድርጌ ፊት ያሉትን እንዳልጣራ ማንሻው የለም። በፒንሳ አዙረው የምትሉኝ ትኖራላችሁ፤ ሞክሬ የተረፈችውን ጥርስ ጨርሼያታለሁ።

አቃቂ ስንደርስ ትራፊክ አስቆመን። መስኮቷ በሰፌድ የተዘጋ መኪና በሥራ ዘመኑ አይቶ አያውቅ ይሆናል። በኔ በኩል መጣ። መስታወቱን መክፈት እንደማልችል በእጄ አስረዳሁት፤ አልገባውም። በሩን ልከፍት ስል እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። ስለዚህ ባለቤቴ ሰፌዱን እንደ መጋረጃ ገለጥ አድርጋ «በዚህ ይምጡ» አለችው። ዞሮ መጣ። ዝናቡ ከኮፍያው ላይ እየወረደ መንጃ ፈቃዴን አየ፣ ቦሎውን አየ፣ ሰፌዱን አየ፣ ባለቤቴን አየ። ባለቤቴ እርጥብ ናት፤ የዋለችበትን ሁሉ ከፊቷ ማንበብ ይቻላል። ከዚያ በጣቱ የዳሽቦርዱን ጫፍ ነካ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የአባቴ ወንድም...» ብሎ ጀመረ።

«አውቃለሁ፣ ነበረቻቸው» አለች ባለቤቴ፤ ሰፌዱንም መለሰችው።

ማንሻው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሊቀመንበሩ እዚያው ለገንዘብ ያዡ ሰጠሁት ይላል። ገንዘብ ያዡ ለቀዩ ልጅ አቀበልኩት ይላል። ቀዩ ልጅ ለመምህሩ ነው ያለው፤ መምህሩ «እኔ ሁለቱም አሉኝ፣ የሰው ማንሻ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ተቆጡ። ጉዳዩ በቃለ ጉባዔ ተይዞ ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞለታል። ኮሚቴው ስብሰባውን የሚያደርገው በሚቀጥለው ጉዞ ላይ ነው፤ ወንጪ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መቼም የቮልስ ዘመድ ነህ፤ አባትህ፣ አጎትህ፣ አስተማሪህ፣ አንዳቸው ነበረቻቸው። ጓሮ ሂድና ቆርቆሮው ሥር፣ የድሮ ምሳ ዕቃና የተሰበረ ራዲዮ ያለበትን ካርቶን እስቲ አገላብጥልኝ። የ66 ሞዴል የመስታወት ማንሻ፤ የግራ ይሁን የቀኝ ግድ የለም፣ ይሄዳል። በዋጋው አንጣላም። መስኮቱን ለጊዜው በላስቲክ ወጥሬዋለሁ፤ ሰኔ ግን ደርሷል።